ሴምቤንን በአማርኛ ድምፅ አሳዩን

ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዶክመንተሪ ፊልም ነው። «ሴምቤን!» ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሳምባ ጋጂጎና ጄሰን ሲልቨርማን የሴኔጋሉን የፊልም ሰው የኡስማን ሴምቤንን ሕይወት ያሳዩበታል። ይህ ፊልም በአማርኛ ድምፅ ተዘጋጅቶ በዞናችን ከተሞች በነፃ እንዲታይ እጠይቃለሁ።

ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1923 ዚጊንሾር በምትባል የሴኔጋል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እሱ ፈረንሳይ ሄዶ ማርሴይ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሠራ። እዚያው መጻፍ ጀመረ፤ በፈረንሳይኛ ልብ ወለዶች ስም አተረፈ። ግን አንድ ነገር አንገበገበው። የሚጽፍላቸው ወገኖቹ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ ፈረንሳይኛውንም አያውቁትም። ስለዚህ ወደ አርባ ዓመቱ ሲጠጋ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ1968 «ማንዳቢ» የተባለውን ፊልም በአገሩ በወሎፍ ቋንቋ ሠራ። ማንበብ የማይችል አንድ አባወራ ከፓሪስ ሐዋላ ይላክለታል። ገንዘቡን ለመቀበል ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። መታወቂያ አምጣ፣ የልደት ማስረጃ አምጣ፣ ፎቶ አምጣ። ይህን ለመሐል ሜዳ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደርሶበት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የሠራው «ሙላዴ» ደግሞ ከግርዛት የሸሹ ልጃገረዶችን የምታስጠልል ሴት ታሪክ ነው። እኛም አገር ገና ያልተቋጨ ጉዳይ ነው።

ሴምቤን ሲኒማን የማታ ትምህርት ቤት ይለው ነበር። ፊልሞቹን ይዞ ገጠር ይወርዳል፤ ካሳየ በኋላም ከሰዉ ጋር ቁጭ ብሎ ይከራከራል።

ዶክመንተሪው የሚናገረው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በወሎፍ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከስር የሚጻፈውን እያነበበ ይከተለው ይሆናል። አንኮበር ያሉ እናት ግን ምን ያገኛሉ? ሴምቤን ከመጽሐፍ አልፎ ካሜራ ያነሳው ለእሳቸው ዓይነት ሰው ነው። የእሱን ሕይወት እሳቸው በማይሰሙት ቋንቋ ማሳየት በጣም ያሳዝነኛል።

አዳራሽ ያላቸው ወረዳዎች አሉ። ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ ብዙ መሥሪያ ቤት አለው። ደብረ ሲናም ሆነ ሸዋ ሮቢት በገበያ ቀን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከገጠር የመጣው ሰው ሳይመሽበት አይቶ ይመለሳል። እባካችሁ ከፊልሙ በኋላ ለውይይት ጊዜ ተዉ፤ መድረኩ በንግግር አይለቅ።

ከፊልሙ ባለቤቶች ፈቃድ መጠየቅ የእናንተን ማኅተም ይፈልጋል። ለትርጉሙ ሥራ እኔ ያለ ክፍያ ዝግጁ ነኝ፤ ፈቃዱ እንደተገኘ እጀምራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ብርሃን ነዋሪ