ለልጄ፦ አዌቱ ወደ ዓባይ አይሄድም

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ትንሽ ልጅ ሳለሽ ጅማ ከተማችንን በሚያቋርጠው በአዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመን «ይህ ውኃ የት ይሄዳል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ «ወደ ዓባይ» ብዬ መልሼልሽ ነበር። ሰሞኑን ታናሽ ወንድምሽ ያንኑ ጥያቄ ቢያነሣ ካርታ ዘርግተን መንገዱን በጣት ስንከተል፣ ለአንቺ የነገርሁሽ ስሕተት መሆኑን ተረዳሁ፤ ሳላርመው እንዳይቀርም ይህን ጻፍሁልሽ።

ወደ ዓባይ የሚሄደው ከአጋሮ ወደ በደሌ ስንጓዝ የምንሻገረው ዴዴሳ ነው። የእኛ አዌቱ ግን ከተማውን አቋርጦ፣ በቦዬ ረግረግ በኩል አልፎ ግልገል ጊቤ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ በጅማና በአጋሮ መካከል ካለው ከፍታ ወዲያ የወረደው ዝናብ ሜዲትራኒያን ድረስ ሲዘልቅ፣ ወዲህ የወረደው ባሕር ሳያይ ይቀራል።

ግልገል ጊቤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዶ ትልቁን ጊቤ ያገኛል፤ አዲስ አበባ ስትሄጂ አውቶቡሱ ወደ ሞቃቱ ሸለቆ ወርዶ የሚሻገረውን ማለቴ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ በከፋ በኩል የሚመጣው ጎጀብም ይጨመርበታል፤ ወደ ታች ስሙ ኦሞ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በመካከል ያለው ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ግድብ ተርባይኖቹን ካዞረ በኋላ የሚለቀው ውኃ፣ ተራራ ሥር በተፈለፈለ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ ተመርቶ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርድበት ቦታ ለሁለተኛ ጊዜ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ያው ውኃ እንደገና 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት ይጠብቀዋል፤ የዚህ አቅም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከድልድያችን ላይ ቆሻሻ ሲጣል ባየሁ ቁጥር የሚከፋኝ፣ ሦስት ጊዜ መብራት የሚሆነን ውኃ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

የውኃ ምህንድስና ተማሪ ነሽና ከግድቡ በታች ያለውንም አስቢልኝ። ዳሰነችና ሌሎች የታችኛው ኦሞ ሰዎች ማሽላቸውን የሚዘሩት ዓመታዊው ጎርፍ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ነበር፤ ግድቡ ውኃውን ከያዘ ወዲህ ያ ጎርፍ ቀንሷል። የሜጋ ዋቱን ቁጥር ስትጠቅሺ ይህንንም አብረሽ ጥቀሺው።

መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከሚገባለት ውኃ እጅግ የሚበዛውን የሚያገኘው ከኦሞ ነው፤ መውጫ ስለሌለው ግን ውኃው በትነት ብቻ ይሄዳል፣ ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። ሆኖም ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስስ ነበር። ለዚህም ምስክሩ ዓሣው ነው፤ አርባ ምንጭ ላይ ከጫሞ ሐይቅ ወጥቶ የምትበዪው፣ የናይል ወንዝ ዓሣ የሆነው ናይል ፐርች ቱርካናም ውስጥ ይኖራል።

ለክረምት ስትመጪ ወንድምሽን ይዘን፣ ከድልድዩ ተነሥተን ቦዬ ድረስ ውኃውን ተከትለን በእግራችን እንሄዳለን። እናትሽ ትስምሻለች።

አባትሽ፣ ከጅማ