ማሄ ላይ ተጀምሮ ሞሪሸስ ላይ ያለቀ ደብዳቤ

ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስህ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆቹ እንደምን ከረማችሁ? የእናታችን ጉልበትስ ተሻላቸው ወይ? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። በዝምታዬ ግን በጣም አፍሬአለሁ፤ ብትቀየመኝም አልፈርድብህም።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰኝ ሲሸልስ ውስጥ፣ ማሄ ደሴት ላይ፣ በአንድ ሆቴል የሒሳብ ክፍል ስሠራ ነበር። ሐዋሳ ለምታስተምራቸው ልጆች ምሳሌ ፈልገህ «ሲሸልስና ሞሪሸስ ሁለቱም ትንንሽ ደሴቶች ናቸው፤ ከሁለቱ በኑሮ የቱ ይበልጣል?» ብለህ ጠይቀኸኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። መልሱን የዚያኑ ሳምንት ጀምሬልህ ነበር። ባለፈው እሑድ ሻንጣዬን ሳገላብጥ ያልተላከውን ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ አገኘሁት፤ የመጀመሪያው መስመር «ሲሸልስ ይበልጣል፤ አትጠራጠር» ይላል። ያን ስጽፍ ሞሪሸስን በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሳላደርሰው መጋቢት 2020 ገባ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ)፤ አየር ማረፊያው ተዘጋ፣ እንግዳ ጠፋ፣ ሆቴሉም ደመወዛችንን በግማሽ ቆረጠው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ያንን የሙገሳ ደብዳቤ መላክ አፌን ሞልቶ የመዋሸት ያህል ስለከበደኝ ተውኩት፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። በ2022 ወደ ሞሪሸስ ተሻገርኩ፤ አሁን ኤቤን በምትባለው የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር በሒሳብ ሙያዬ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እንግዲህ መልሱን እንደገና ልጀምርልህ።

የድሮው ደብዳቤዬ የሚከፈተው በነፍስ ወከፍ ገቢ ነው። እዚያ ላይ ዛሬም የሚታረም ነገር የለም፤ በዓለም ባንክ አኃዝ በ2023 የሲሸልስ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ፣ የሞሪሸስ ደግሞ 11 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ባንኩ ሲሸልስን በ2015 ከባለ ከፍተኛ ገቢ አገሮች ተራ ያስገባት ሲሆን፣ ሞሪሸስ በ2020 አጋማሽ እዚያው ተራ ደርሳ በዓመቱ በወረርሽኙ ምክንያት ተመልሳ ወርዳለች። እኔ ያልተመለከትኩት አካፋዩን ነው። ሲሸልስ ማለት 115 ደሴቶች፣ ተደምረው 455 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬትና ከመቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ማለት ናት፤ ይህን ያህል ሰው እኛ አገር አንድ ወረዳ ውስጥ ይኖራል። የተወሰኑ ትልልቅ ሆቴሎችና አንድ ግዙፍ የቱና ፋብሪካ ለዚህ ቁጥር ሲካፈሉ ድርሻው ቢያስደንቅ አይገርምም። ሞሪሸስ ግን 2,040 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ1.2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይዛ ነው 11 ሺሁን ያገኘችው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ያ ድርሻ ምን ይገዛል የሚለው ነው። ቦ ቫሎን በሚባለው የማሄ ባሕር ዳርቻ ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን በገመድ ሰክተው በጥቅል በጥቅል መንገድ ዳር ይሸጡታል። ጥቅሉን አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ ስሄድ ራሴን ከባለጸጋ እቆጥረው ነበር። ከዚያ ግን ሽንኩርትና ድንች ልገዛ ሱቅ እገባለሁ። ሩዙም፣ ዱቄቱም፣ ዘይቱም፣ ብዙው አትክልትም በመርከብ የመጣ ነው፤ መርከቡ ከዘገየ ቲማቲም ከመደርደሪያው ይጠፋል፣ ሲመጣም ዋጋው ሌላ ሆኖ ይመጣል። በሆቴሉ የግዢ መዝገብ ላይ ይህንኑ በየወሩ አየው ነበር፤ እንግዳው የከፈለን ዶላር እኛ ዘንድ ብዙም ሳይቆይ ለሥጋ፣ ለወይን ጠጅ፣ ለአንሶላ፣ ለነዳጅ ተከፍሎ ወደ ውጭ ይመለሳል። የድሮው ደብዳቤዬ ስለ ገቢው ሁለት ገጽ ሲጽፍ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም፤ መዝገቡን የምጽፈው ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ይህ ነገር አገሪቱን አንድ ጊዜ ክፉኛ ጥሏታል። በ1976 ነፃ ወጥታ በዓመቱ በመፈንቅለ መንግሥት የፍራንስ አልበር ሬኔ መንግሥት ከተተከለ በኋላ፣ ትምህርትና ሕክምና በነፃ ሆኑ፣ ሕዝቡም ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሻለ ኖረ፤ ነገር ግን ወጪው ከገቢው ይቀድም ነበርና በ2008 የ230 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ወለድ መክፈል አቃታቸው። ገንዘባቸው በኅዳር ወር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ተቀነሰ፣ በተከታዩ ዓመት የፓሪስ ክለብ የሚባሉት አበዳሪ መንግሥታት ከዕዳቸው 45 በመቶ ሰረዙላቸው። የሥራ ባልደረቦቼ ያንን ዘመን የሚያነሡት እኛ በራሳችን አቆጣጠር የ77ን ድርቅ በምናነሣበት ድምፅ ነው። ከውድቀቱ በኋላ ያደረጉት ግን ያስቀናል፤ ከዕዳቸው ጥቂቱን ባሕራቸውን ለመጠበቅ በሚገቡት ግዴታ አስለውጠው፣ በመጋቢት 2020 ከባሕር ግዛታቸው 30 በመቶውን የተጠበቀ ክልል አደረጉት። ይኸውም 400 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ ከነፃነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቃዋሚ በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን ያዘ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ እሱንም በምርጫ አሰናበቱት። በእነዚህ ሁለት የሥልጣን ለውጦች አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

ሞሪሸስ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ለልጆችህ የሚጠቅመው እዚህ ስለሆነ። በ1961 የእንግሊዝ የኢኮኖሚ ሊቅ የሆነው ጄምስ ሚድ (በኋላ በ1977 የኖቤል ሽልማት ያገኘው) ይህችን ደሴት አጥንቶ ተስፋዋን በጣም አጥብቦ ነበር የጻፈው። ወባ ጠፍቶ ሕዝቡ በፍጥነት እየበዛ ነው፣ ሸንኮራ አገዳ ብቻ ነው ያላት፣ አውሎ ነፋስ ይመታታል፣ ሕንዱ፣ ክሪዮሉ (ባመዛኙ የባሪያዎቹ ዘር)፣ ሙስሊሙ፣ ቻይናዊውና የመሬቱ ባለቤት ፈረንጅ እርስ በርስ ይፈራራሉ። እውነትም በ1968 ነፃነት ሊታወጅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሰፈር ለሰፈር ደም ተፋሰሰ። ታዲያ መንግሥቱ ሕንድ በዝ በሆነው ሕዝብ ድምፅ ሲያዝ ሁሉም የጠበቀው የስኳሩ መሬት እንዲወረስ ነበር። አልወረሱትም። በስኳሩ ላይ ቀረጥ ጣሉ፤ ባለ መሬቶቹም በ1970ዎቹ የስኳር ዋጋ ሲያሻቅብ ያተረፉትን ገንዘብ ከአገር ከማሸሽ ይልቅ ፋብሪካ ላይ እንዲያፈሱት መንገድ ከፈቱላቸው። የ1970ው የወጪ ንግድ ማምረቻ ሕግ ፋብሪካዎችን አንድ ቦታ አጥሮ አልያዛቸውም፤ ደሴቲቱ ውስጥ የትም ብትተክል ከቀረጥ ነፃ ትሆናለህ። ስለዚህ የልብስ ስፌቱ ወደ መንደሩ ሄደ፤ ከዚያ በፊት ደመወዝ ይዘው የማያውቁ ሴቶች በገዛ መንደራቸው ተቀጠሩ። አውሮፓም ከ1975 ጀምሮ በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ያህል ስኳር ከዓለም ገበያ በላይ በሆነ ዋጋ ይገዛቸው ነበር።

እዚህ ላይ ሐዋሳ ትዝ ትለኛለች። የእኛ የልብስ ፋብሪካዎች አሜሪካ የሰጠችው የቀረጥ ነፃ ዕድል በጥር 2022 ሲነሣ ምን እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሞሪሸስም ይኸው ደርሶባታል፤ በ2005 የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ሲነሣ ፋብሪካዎቹ ወደ ርካሽ አገር ነጎዱ፣ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት የስኳር ዋጋውን በ36 በመቶ ለመቀነስ ወሰነ። ሁለት ምሰሶ ባንድ ጊዜ ተነቀለ ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ሠላሳ ዓመት ጊዜ አግኝታ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በ1977 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃ አድርጋ የልብስ ሰፊዎቹን ልጆች አስተምራለች። ዛሬ እኔ የምሠራበት ኤቤን ቀድሞ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበር፤ ጎኔ የምትቀመጠው የሕግ ባለሙያ እናቷ ሹራብ ፋብሪካ ሠርታ እንዳሳደገቻት ትነግረኛለች። የምንሠራው ሥራ ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልልህም፤ ወደ ሕንድ የሚገባ የብዙ ባለሀብት ገንዘብ ግብር ሽሽት ለዓመታት በዚህች ደሴት በኩል አልፏል፣ በ2020ም የገንዘብ እጥበት ቁጥጥርሽ ላልቷል ተብላ እስከ 2021 ጥቅምት በተቆጣጣሪዎች ጥርጣሬ መዝገብ ላይ ቆይታለች።

ስለ ኑሮው ደግሞ ልንገርህ። ሕክምናና ትምህርት በሁለቱም አገር በነፃ ነው። እዚህ ከ2005 ጀምሮ ተማሪና አዛውንት አውቶቡስ በነፃ ይሳፈራሉ፤ ጠዋት ከኩርፒፕ ከተማ ስነሣ ነጠላ የመሰለ ነጭ ልብስ የለበሱ አሮጊቶች ፊት ለፊቱን ወንበር ሞልተውት አያለሁ፤ ሐኪም ቤት ይሁን ልጅ ጥየቃ እንጃ፣ ብቻ ሲንቀሳቀሱ ይውላሉ። ማሄ ላይ ሰው የተዝናና ነው፣ ተራራውና ባሕሩ ዓይን አይጠግባቸውም፣ ወንጀልም እንብዛም አያስፈራም ነበር፤ ነገር ግን ሄሮይን ገብቶባቸዋል። በ2019 ገደማ የአገሪቱ ኃላፊዎች ራሳቸው ሱሰኛውን ከአምስት እስከ ስድስት ሺህ ይገምቱት ነበር፤ ለዚያች አገር ሕዝብ ይህ በየዘመዱ ቤት አንድ አለ ማለት ነው። የሆቴላችን የወጥ ቤት አለቃ ልጁን በዚህ አጥቷል፤ የቀብሩ ቀን ከእኛ ጋር ቆሞ ያለቀሰው የሰፈሩ ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ገቢውን ለሕዝቡ ያካፈልኩበት ሒሳብ ይህን አያሳይም።

በባሕል ነገር ሁለቱ እኅትማማቾች ናቸው። ሁለቱም ቀድሞ ሰው ያልነበረባቸው ናቸው፤ ፈረንሳዮች ባሪያ አምጥተው አሰፈሩባቸው፣ እንግሊዞች ወሰዷቸው፣ ሲሸልስም እስከ 1903 ድረስ የምትተዳደረው ከሞሪሸስ ነበር። በሲሸልስ ዋና ከተማ በቪክቶሪያ መሐል የቆመው ትንሽ የብር ቀለም ሰዓት የዚያ የመለያየት ዘመን መታሰቢያ ነው። ከዚያ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ሞሪሸስ ባርነት ከቀረ በኋላ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የሕንድ ኮንትራት ሠራተኛ ተቀበለች፤ ሲሸልስ ያን ያህል አልመጣባትም። ስለዚህ ሲሸልስ ባመዛኙ አንድ ዓይነት ሕዝብ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚስም፣ ከፈረንሳይኛ የተወለደውን አንድ የክሪዮል ቋንቋ የሚናገር ሆኖ ቀረ፤ በክሪዮሉም አያፍሩበትም። ሕፃን ፊደል የሚቆጥርበት፣ ፓርላማ የሚከራከርበት ቋንቋ ነው። ሞሪሸስ ላይ ደግሞ ገበያው፣ ቀልዱ፣ ጠቡ ሁሉ በክሪዮል ሆኖ ሳለ፣ ሕገ መንግሥቱ ለምክር ቤቱ የሚያውቀው እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን ነው። በዚህ በኩል አሁንም ልቤ ከሲሸልስ ጋር ነው።

ሆኖም በሞሪሸስ ዋና ከተማ ፖርት ሉዊስ ላይ ዶል ፑሪ ስበላ አቋሜ ይላላል። የአተር ክክ ተቀቅሎ ተፈጭቶ በስስ ቂጣ ውስጥ ይዳመጥና ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ሁለት ሁለቱን አደራርበው፣ የአደንጓሬ ወጥና የቲማቲም ስልስ ጨምረው፣ ቃሪያውን ለክተው፣ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡሃል። ሻጩ ሂንዱ ነው፤ ከፊቴ የተሰለፈው ቻይናዊ፣ ከኋላዬ ያለችው ሂጃብ የለበሰች ተማሪ፣ ሁላችንም የምናዘው በክሪዮል ነው። ለጾመኛ ደግሞ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ማሄ ላይ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት የኖርኩትን ሰውዬ ዐቢይ ጾም እዚህ አላስጨነቀኝም።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም ቤት ያው ነው። የማሄን ቱና ቆርቆሮ የሚያሽገው፣ የሞሪሸስን ሸሚዝ የሚሰፋው በብዛት የባዕድ አገር ሰው ሆኗል፤ እዚህ ባንግላዴሹና ማዳጋስካሩ በጋራ ማደሪያ ተደራርቦ እያደረ በውል ዘመኑ ማብቂያ ይሸኛል። እኔም ወረቀቴ ቢያምር ያው ነኝ። የነፍስ ወከፉ ገቢ አማካይ ቁጥር ብቻ ነው፤ እኛን ለማየት ስፌቱ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ላልከኝ፣ ልጆች ወልጄ ባሳድግ የምመርጠው ሞሪሸስን ነው፤ ጡረታዬን ብቻዬን በልቼ ልሙት ብል ደግሞ ማሄን። የድሮውን ደብዳቤ ሳልሰርዝ ሳልደልዝ ከዚህ ጋር አሽጌ ልኬልሃለሁ፤ ለልጆቹ መጀመሪያ እሱን አንብብላቸውና የት እንደሳትኩ ራሳቸው ይፈልጉት። ያገኙትን ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔን ስድስት ዓመት ያህል ግን አትዘግይብኝ። ለእናታችን እጅ ነሥቷል በልልኝ፣ ልጆቹንም ሳምልኝ።

ወዳጅህ