እንግዳው ምን ይዞ ሄደ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ስለ ሆቴሎች ገቢ አነበብኩ። ስለሚዘጉት መንገዶችም አነበብኩ። አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና መሆኗ ሁለት ቦታ ላይ ተጽፏል። ይሁን፤ አልጣላም። ግን አንድ ነገር ቀረብኝ። እንግዳው ወደ አገሩ ሲመለስ ከኛ ምን ይዞ ነው የሚሄደው?

እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤት የለኝም። ሳር ቤት አካባቢ፣ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ሰቅዬ ነው። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ኅብረቱ ወይም ኤምባሲ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። አንዳንዴም የትዳር ጓደኞቻቸው ይመጣሉ። ከዛምቢያ፣ ከሴኔጋል፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንዛኒያ የመጡ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ሁሌም «አማርኛ ምን ምን ታውቃላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሦስት ዓመት እዚህ የኖረ ሰው «ሰላም»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ሂሳብ» ይለኛል። አንዱ «ችግር የለም» ብሎ ጨመረ። ከሾፌሩ የለቀማት ናት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ይሰናከላሉ። አንዱን «ቅዳሜ አራት ሰዓት ና» ብዬው፣ ቡናውም ቁርሱም ሲጠብቀው ውሎ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ። በሱ ሰዓት አራት ነው። ምን ልበለው?

አንዲት ታንዛኒያዊት ተማሪዬ ግን ገና ማስረዳት ስጀምር ሳቀች። ለካ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ነው! ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት «ሳ ሞጃ» ይባላል፤ ሰዓት አንድ ማለት ነው። «ሳ» የምትለዋ ቃል ራሷ ከዐረብኛ የመጣች የኛ «ሰዓት» ዘመድ ናት። ሁለታችንም የግድግዳውን ሰዓት እያየን ሳቅን። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር ማንም አልነገረኝም ነበር።

እሷን ያስቸገራት ሌላ ነው። ስዋሂሊ ወንድና ሴትን በተውላጠ ስም አይለይም። ስለዚህ የተከራየችበትን ግቢ ዘበኛ ሁለት ወር ሙሉ «አንቺ» ስትለው ከረመች። «አንቺ፣ በሩን ክፈቺ!» ጢሙ የወረደ ሰውዬ ነው እኮ። አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ስሰማ ደነገጥኩ። «ለምን አላረምካትም?» አልኩት። «እትዬ፣ እንግዳ ናት ብዬ ነው፤ ይከብዳል» አለኝ።

የኛ የእንግዳ አቀባበል ባጭሩ ይህ ይመስለኛል። እናከብራለን፣ እናበላለን፣ አናርምም። እንግዳውም ምንም ሳይማር ይሄዳል።

ባለፈው ሰኔ 30 ይህችው ተማሪዬ የስዋሂሊ ቀን አለ ብላ ጠራችኝ። ዩኔስኮ ቀኑን ያወጀው በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በዚህ ዕድሜዬ መቀየር አልችልም።) ትንሽ ድግስ ናት። ግጥም ተነበበ። ማንዳዚ ቀረበ፤ ሄል ያለበት የቦምቦሊኖ የቅርብ ዘመድ ነው። ከጎኔ አንድ ኮንጓዊና አንድ ቡሩንዲያዊ ተቀምጠው በስዋሂሊ ይቀላለዳሉ። ከፊት የተቀመጠው ኬንያዊ የታንዛኒያውን አነጋገር እያስመሰለ ያስቃል። የታንዛኒያ ባለሥልጣን ተነሥቶ ስለ አገሩ ታላቅነት አልሰበከም። ማን ይፈልገዋል? ሁሉም በቋንቋው እየሳቀለት ነው።

ባለሙያዎች ይህን «ፐብሊክ ዲፕሎማሲ» ይሉታል። እኔ እንደገባኝ፣ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሳይሆን አገር ከሰው ጋር የሚያደርገው ወዳጅነት ነው።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ወር ውስጥ 32 አገሮች እዚሁ አፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ሆነ። የነፃነት ትግሎችን የሚረዳው ኮሚቴ ደግሞ ታንዛኒያ፣ ዳሬሰላም ተቀመጠ። ለኛ ዲፕሎማት ደረሰን፤ ለነሱ ታጋይ። የሞዛምቢክ ነፃ አውጪው ፍሬሊሞ ራሱ የተመሠረተው እዚያው ዳሬሰላም ነው። የሞዛምቢክ፣ የደቡብ አፍሪካና የሌሎችም አገሮች ታጋዮች እዚያ ዓመታት ኖሩ። የታጋይ ኑሮ ደግሞ የሆቴል ኑሮ አይደለም። ገበያ ወጡ፣ ከሰፈርተኛ ጋር ተጣሉ፣ ታረቁ። ትግሉ ሲያልቅ ስዋሂሊ ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ በ1996 ዓ.ም. የሞዛምቢኩ ፕሬዚዳንት ዡዋኪም ቺሳኖ እዚሁ አዲስ አበባ፣ የመሪዎች ጉባኤ ላይ ቆመው በስዋሂሊ ተናገሩ። አስተርጓሚዎቹ ግራ ገባቸው፤ አልተዘጋጁበትም። ልብ በሉ፣ ቺሳኖ ታንዛኒያዊ አይደሉም። የአገራቸው የሥራ ቋንቋ ፖርቱጋልኛ ነው። ዳሬሰላም ግን አፋቸው ላይ ቀርታለች። ታንዛኒያ ለዚያች ንግግር አንድ ብር አላወጣችም ብል ማጋነን ነው፤ ከዓመታት በፊት ቤቷን ከፍታ ከፍላለች።

የቀረው ተከታትሎ መጣ። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የልማት ማኅበረሰብ፣ ሳዴክ የምንለው፣ ስዋሂሊን አራተኛ የሥራ ቋንቋው አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሥራ ቋንቋው እንዲሆን ወሰነ። በኅብረቱ ግቢ ያለው የሰላምና ፀጥታ ሕንፃ የሚጠራው በታንዛኒያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ ስም ነው። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ሐውልታቸው ቆመ። የኛ ንጉሠ ነገሥት፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት እዚያው ግቢ ከቆመ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሐውልት በሐውልት እኩል ነን። በቋንቋውና በወዳጁ ግን አይደለንም።

ፍርዴ እንዳይከብድ፣ እኛም አንድ ጊዜ ሠርተነው ነበር። በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጡ። የኬንያ፣ የናይጄሪያና የሌሎች አገሮች ልጆች መጥተው አዲስ አበባ ከኛ ልጆች ጋር ተማሩ። በአንድ ግቢ በሉ፣ ተኙ፣ ተከራከሩ። የተማሪዎችን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት፣ የኛን ልጆች ስለ አፍሪካም ስለ ራሳቸው አገርም እንዲጠይቁ ከቀሰቀሷቸው ነገሮች አንዱ እነዚህ እንግዶች ናቸው። ንጉሡ ወዳጅ ላፍራ ብለው የዘሩት ዙፋናቸው ሥር በቀለ። ምናልባት ከዚያ ወዲህ የቀዘቀዝነው ለዚህ ይሆን? ቀልዴን ነው።

በ1954 ዓ.ም. ማንዴላ ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰዱም ሁላችንም እንናገራለን። ደጋግመን እንናገራለን። ታሪኩ ያምራል፤ ግን 60 ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የመጣውን እንግዳ ምን አስተማርነው?

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። እኛ «አፍሪካውያን» ስንል ብዙ ጊዜ ሌሎቹን ማለታችን ነው። ተማሪዬ አማርኛዋ ሲሻሻል የሰፈሩን ባለሱቅ መስማት ጀመረች። «ዛሬ አፍሪካውያን መጥተው ውኃውን ጠራርገው ገዙት» ይላል ለጓደኛው። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነው። ደብተሯን ዘርግታ ጠየቀችኝ። «እናንተስ የት ናችሁ?» መልስ አልነበረኝም። ቡና ቀዳሁ።

ይህን ስጽፍ «ታዲያ አማርኛም የኅብረቱ ቋንቋ ይሁን ነው የምትይው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ስዋሂሊን ሰው የተቀበለው የአንድ አገር ብቻ ስላልሆነ ነው። ከኬንያ እስከ ምሥራቅ ኮንጎ ይነገራል። ታንዛኒያ ውስጥ እንኳን ለብዙው ሰው ከእናቱ ቋንቋ ቀጥሎ የተማረው ነው። ስለዚህ ማንም «ሊውጠኝ መጣ» ብሎ አይፈራውም። አማርኛ እዚሁ ቤቱ ውስጥ ራሱ ስንት ክርክር አለበት። እሱን ተሸክመን ኅብረቱ በር ላይ ብንቆም ማን ይሰማናል?

ግን ድንበር የሚሻገር ቋንቋ አጣን እንዴ? ሶማሊኛ ጅቡቲም፣ ሶማሊያም፣ ኬንያም ይነገራል። ኦሮምኛ ኬንያ አለ። አፋርኛ ጅቡቲና ኤርትራ፣ ትግርኛ ኤርትራ አለ። አራቱም ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ወስኗል። እኛ ይህን የምናወራው የአገር ውስጥ ፖለቲካ አድርገን ብቻ ነው። በኢጋድ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችን ማኅበር፣ ቀጠና ውስጥ ጎረቤትን በገዛ ቋንቋው የሚያናግር ዜጋ ያላት አገር መሆናችን ግን ትልቅ ሀብት ነው። የኛ ገጣሚ በሶማሊኛ ሞቃዲሾ ላይ ቢያነብ፣ የቦረናው ዘፋኝ ኬንያ፣ ማርሳቢት ላይ ቢዘፍን፣ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከአምስት መግለጫ ይሻላል።

እኛም ስዋሂሊ እንማር፤ አያንሰንም። ልጆቻችን ገና «ጃምቦ» ብለው የሚያቆሙት እኮ የቱሪስት ቃል ነው። ታንዛኒያዊ ለታንዛኒያዊ ብዙም አይለውም፣ «ማምቦ» ነው የሚለው። ተማሪዬ ናት ያረመችኝ። እሷ ይሉኝታ የላትም።

ከተማው ምን ያድርግ ለሚለኝ ትልልቅ ነገር አልጠይቅም። አዲስ የሚመጣ የኅብረቱ ሠራተኛ ቤት ሲከራይ፣ ውኃና መብራት ሲያስገባ የሆነ ቢሮ መሄዱ አይቀርም። እዚያው የስድስት ሳምንት ነፃ የቋንቋ ትምህርት ይመዝገብ። አማርኛም ኦሮምኛም፣ የፈለገውን። መምህር በሽ ነው፤ ሥራ የሌለው ስንት የቋንቋ ምሩቅ አለ! ከሚያምር ብሮሹር ይረክሳል። ደግሞ አፍሪካ አዳራሽ አለ። ዕድሳቱ አልቆ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ተከፍቷል። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትር፣ ጠዋት ብርሃን ሲመታው ወለሉ ሳይቀር ይቀላል። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። የሰፈሬን ልጆች ጠይቄያቸው ነበር። ከስምንቱ አንዱም አላየውም። ሁሉም ግን ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ውስጥ ሆነው በፊት ለፊቱ አልፈዋል። የኛ ልጆችና የዲፕሎማቶቹ ልጆች አንድ ቅዳሜ አብረው ገብተው ቢያዩት ምን ይጎድላል? ተያይተው እንኳን አያውቁም፤ ትምህርት ቤታቸው ለየብቻ ነው።

ከናንተም አንድ ነገር እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ ሳምንት የሚዘጉትን መንገዶች ዝርዝር ማተማችሁ አይቀርም። ከጎኑ ትንሽ ቦታ ተዉልኝ። ለእንግዶቹ የሚሆኑ አሥር የአማርኛ ቃላትና አነጋገሮች በነፃ አዘጋጃለሁ። ሰዓት አቆጣጠሩን አንደኛ፣ «አንተ» እና «አንቺ»ን ሁለተኛ አድርጌ። ዘበኛውን ነግሬዋለሁ፤ ዘንድሮ ማረም ይጀምራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአማርኛ አስተማሪ
ከሳር ቤት፣ አዲስ አበባ