ወንበርሽን ሳታስተኚ በፊት

ድሬዳዋ

ልጄ፣

ይህችን ወረቀት ከቦርሳሽ የፊት ኪስ ከትቻታለሁ፤ አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ሳይወጣ አንብቢያት። መደገፊያውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው አንድ ትንሽ መቆለፊያ ነው። መያዝ አለመያዙን መንገድ ላይ ሳይሆን መኪናው ቆሞ ሳለ ነው ማወቅ ያለብሽ።

መቆለፊያውን የሚከፍተው የሚጫኑት ቁልፍ ወይም ማንሻ ብዙ ጊዜ ክንድ ማሳረፊያው ላይ ወይም ከመቀመጫው ጎን ነው። መጀመሪያ ጀርባሽን አሳርፊ፤ ከዚያ ቁልፉን ተጭነሽ በጀርባሽ ቀስ እያልሽ ግፊ፣ ሲመችሽ ልቀቂው። ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ መደገፊያው ባለበት መቅረት አለበት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በትከሻሽ ገፋ አድርገሽ ፈትኚው። ለመመለስ ቁልፉን ተጭነሽ ቀስ እያልሽ ቀና በዪ፣ መደገፊያው ጀርባሽን ተከትሎ ራሱ ይነሣል። ሳትደገፊ ከነካሽው ግን በጉልበት ወደ ፊት ይወረወራል፤ ስለዚህ ፊትሽን ወደ ወንበሩ አስጠግተሽ ቁልፍ አትፈልጊ። መደገፊያውና ክንድ ማሳረፊያው ከሚገናኙበት ቦታም ጣትሽን አርቂ፤ ብረቱ እንደ መቀስ ነው።

በብዙዎቹ ወንበሮች ሥር ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር አለ፤ ቁልፉ በሽቦ ከእሱ ጋር ይያያዛል። ቁልፉን ሳትነኪው መደገፊያው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ከወረደ ሲሊንደሩ መያዝ አቅቶታል፤ የውስጥ ማሸጊያው ተበልቶ ይሆናል። ቁልፉ እየገባ ወንበሩ ካልተንቀሳቀሰ ሽቦው ላልቷል ወይም ተበጥሷል። ቁልፉ ገብቶ ከቀረ የከፋ ነው፤ መቆለፊያው ክፍት ነው፣ መደገፊያው ወዲያና ወዲህ ይላል። ያን ጊዜ ረዳቱን ጥሪና ወንበር ይቀይርልሽ። ካርቶን ሸጉጦ «ይይዛል» ቢልሽ እሺ አትበዪ። ሲሊንደሩን ማንም እንዳይፈታው፤ ውስጡ ያለው ጋዝ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ባይተኛ ግን ብልሽት ነው ብለሽ አትጨቃጨቂ፤ ከኋላው ቦታ ስለሌለ በብዙ አውቶቡሶች እንዲሁ ነው የሚሠራው።

ከሁሉ የምፈራልሽ ቀበቶውን ነው። ቀበቶ መያዝ ያለበት የዳሌ አጥንትሽን ነው፤ ከሆድሽ ዝቅ፣ ከጭንሽ ከፍ ብሎ፣ ጠበቅ ብሎ። መደገፊያውን አብዝተሽ ካስተኛሽው ዳሌሽ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ቀበቶው ወደ ሆድሽ ይወጣል። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ሰውነትሽ ከቀበቶው ሥር ይሾልካል፣ ጉልበቱ ሁሉ ሆድ ዕቃሽ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ወንበሩን ባስተኛሽ ቁጥር ቀበቶውን እንደገና ወደ ታች አውርደሽ አጥብቂ። ወገብሽ ከመደገፊያው ከተላቀቀ አብዝተሻል ማለት ነው፣ መልሺው።

ከድሬ እስከ ደንገጎ ያለውን ዳገት ታውቂዋለሽ። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥተሽ ቁልቢ ስትደርሺ ከ2,000 በላይ ነሽ። ሂርናንና ጭሮን አልፈሽ ሚኤሶ እስክትወርጂም ኩርባው አያልቅም፤ በዚያ ሁሉ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ከሚኤሶ እስከ አዋሽ ሜዳ ነው፣ ጥቂት ዘንበል ብትዪ ግድ የለም። ከአዳማ በኋላ ባለው ፈጣን መንገድ ግን መኪናው ይፈጥናል፣ መልሰሽ አቅኚው።

ከማስተኛትሽ በፊት ዞር ብለሽ እዪ። ከኋላሽ ሕፃን የታቀፈች፣ ትኩስ ሻይ የያዘ ወይም ጉልበቱ ወንበርሽን የነካ ሰው ሊኖር ይችላል። «እማማ፣ ትንሽ ላስተኛው?» ብለሽ ጠይቂ፤ እሺ ሲሉሽም ቀስ አድርጊው። ምግብ ሲበላ ወደ ቦታው መልሺው። የእግር ማሳረፊያ ካለ ሳትነሺ እጠፊው፣ በጨለማ የሚጥለው እሱ ነው።

ስልክሽ በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ከገባ ወንበሩን በፍጹም አታንቀሳቅሺ። ብረቱ ባትሪውን ከጨፈለቀው እሳት ሊነሣ ይችላል። ለረዳቱ ንገሪውና ሲቆም በመብራት ፈልጋችሁ አውጡት።

አባትሽ