ልጆቻችን የተራራ መንገድ ቢጠግኑስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ቀጣዩን ላልወሰኑ የሲያትል ልጆቻችን እምብዛም የማይነገር ዕድል አለ፤ የዋሽንግተን ግዛት የተፈጥሮ ጥበቃ ጓድ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ይቀበላል። ዛፍ ይተክላሉ፣ በሕዝብ መሬት ላይ ያሉ የእግር መንገዶችንም ይጠግናሉ።

ሥራው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የዱር መሬት ሕግ በተከለሉት ቦታዎች የሞተር መሣሪያን በአብዛኛው ስለሚከለክል፣ እዚያ መንገድ የዘጋ ግንድ የሚቆረጠው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በሚስበው መጋዝ ነው። ዋናው ጠላት ግን ውኃ ነው። ዝናብ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ከወረደ አፈሩን ጠርጎ ድንጋይና ሥር ብቻ ያስቀራል። መንገደኛው ደግሞ ጭቃውን ሲሸሽ ዳር ዳሩን ይረግጣል፤ ሣሩ ይሞታል፣ መንገዱም እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ድንጋይ ወይም ግንድ አግድም ቀብረው ውኃውን ወደ ጎን ያስወጡታል። የደጋ ገበሬ ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ለዚሁ አይደል? አያቶቻችን የሚያውቁት ጥበብ ነው።

«ልጄን ዶማ ላስይዝ ነው የተሰደድኩት?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። ልጁ አበል ያገኛል፣ የመጀመሪያ እርዳታ ይማራል፣ አገልግሎቱን ሲጨርስም ለኮሌጅ ክፍያ የሚውል ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል።

ጋዜጣችሁ የምዝገባውን ጊዜና መስፈርት በአማርኛ ቢያወጣልን ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ወላጅ፣ ከሲያትል