ካርታ ላይ ያለቀ፣ መሬት ላይ ያልተጀመረ ድንበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአፍሪካ ጎረቤታሞች ስለሚዋጉበት ምክንያት በተጻፈ ቁጥር አንድ መልስ ይደጋገማል፤ «ነጮቹ በርሊን ላይ ተቀምጠው በማስመሪያ ቆራረጡን»። ለብዙ አገር እውነትነት አለው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጦርነት ግን አያስረዳም፤ እንዲያውም ሊታይ የሚገባውን ይጋርዳል።

ያ ወሰን የቆመው ከዐድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር በተፈራረሟቸው ሦስት ውሎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1900 የተፈረመው መካከለኛውን ክፍል በመረብ፣ በበለሳና በሙና አስያዘ። ግንቦት 15 ቀን 1902 እንግሊዝም የገባችበት ተጨማሪ ውል ምዕራቡን አሻሻለ። ግንቦት 16 ቀን 1908 የተፈረመው ደግሞ ምሥራቁን፣ የአፋርን ምድር፣ ያዘ። የ1902ቱ ውል የሁለቱ መንግሥታት ልዑካን ቦታው ድረስ ሄደው መስመሩን እንዲለዩ ያዛል፤ የ1908ቱም ሁለቱ ወገኖች በስምምነት፣ በተቻለ ፍጥነት መሬት ላይ እንዲያሳርፉት ይላል። ሁለቱም አልተፈጸሙም። ችካሉ ሳይተከል ዘጠና ዓመት ያህል አለፈ።

ይህ እንዲሁ የቢሮ ሥራ ጉድለት አይደለም። የ1902ቱ ውል መስመሩ ከሰቲትና ከማይ ጤብ መገናኛ ተነሥቶ መረብና ማይ አምበሳ እስከሚገናኙበት ይሄዳል፣ የኩናማ ሕዝብም ለኤርትራ ይሆናል ይላል። ታዲያ ማይ ጤብ የትኛው ወንዝ ነው? ያን ስም ወይም ተቀራራቢውን አንዱ ካርታ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ያስቀምጠዋል። መነሻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀጥታው መስመር እንደ በር በማጠፊያው ይዞራል፤ ባድመም አንዴ ከወዲህ፣ አንዴ ከወዲያ ትውላለች። የ1908ቱ ውል ከባሕር ዳርቻው 60 ኪሎ ሜትር ገብቶ ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሚሄድ መስመር ነው የሚለው። ዳርቻው ግን ባሕረ ሰላጤና ልሳነ ምድር የበዛበት ነው። እያንዳንዱን ጥምዝ ተከትሎ መለካትና አጠቃላይ አቅጣጫውን ይዞ መለካት የተለያየ መስመር ይሰጣል። የ1900ው ውል ወንዞችን ስለጠራ ቀላል ይመስላል፤ በለሳ ግን ከአንድ በላይ ገባር አለው፣ ውሉም የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አይናገርም።

ከፌዴሬሽኑ ጀምሮ መስመሩ የአንድ ዘውድ የውስጥ ወሰን ሆነ፤ ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ተራ የክፍለ ሀገር ድንበር። ገበሬው በሚያርስበት አረሰ፣ በረሃ የነበሩት ግንባሮችም በያዙት ቦታ አስተዳደሩ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን የውስጥ ወሰኑ በአንድ ጀምበር ዓለም አቀፍ ድንበር ሆነ። ችካሉን ለመትከል የሚመቸው ጊዜ ያኔ ነበር፤ ሁለቱ መሪዎች ወዳጆች ነበሩና «በኋላ እንነጋገርበታለን» ተባለ። በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ድንበር ተረጋግቶ የሚለካው በወዳጅነት ጊዜ ብቻ ነው።

ጠቡ የመጣው ከሌላ በኩል ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ፣ ኢትዮጵያ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በባንክ መተማመኛ ሰነድና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። ከዚያ በፊት በ1989 ክረምት ባዳ ላይ የአስተዳደር ውዝግብ ተነሥቶ የጋራ የድንበር ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ አጠገብ ተኩስ ሲከፈት፣ ያ ኮሚቴ ከሁለት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ችካል ቢኖር ኖሮ ናቅፋውም ሆነ የአሰብ ወደብ ታሪፍ ጥል መፍጠሩ አይቀርም፤ ጥሉ ግን የሚያርፍበት «የኔ ነው» የሚባል መሬት ባጣ ነበር።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት አምስት አባላት ያሉት የድንበር ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በሦስቱ ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ እንዲወስን፣ በርትዕ (ከሕጉ ወጥቶ ፍትሐዊ በመሰለው) እንዳይፈርድ፣ ውሳኔውም የመጨረሻ እንዲሆን ሁለቱም ፈረሙ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ብይኑ ሲወጣ የሆነውን ብዙ ሰው ዘንግቶታል፤ ባድመ ለእኔ ተወሰነች ብለው ያወጁት ሁለቱም መንግሥታት ነበሩ። መስመሩን በሚያሳየው የብይኑ ካርታ ላይ ባድመ የሚል ስም አልነበረም! ብይኑ ምዕራቡን መስመር ሰቲትና ቶምሳ ከሚገናኙበት አስነሥቶ በቀጥታ ወደ መረብና ማይ አምበሳ መገናኛ ሰደደው። መጋጠሚያ ነጥቦቹን ካርታ ላይ ያሰፈረ ሰው ከተማዋ የት እንደዋለች ያውቃል፤ ኤርትራ ውስጥ ነበረች። በሌላ በኩል ዛላምበሳ ለኢትዮጵያ፣ ጾሮና ለኤርትራ ተወሰኑ፤ ቡሬ ላይ መስመሩ በሁለቱ ኬላዎች መካከል እኩል ርቀት ላይ እንዲያልፍ ተደረገ።

ኢትዮጵያ ስትቃወም ያነሣችው አንዱ ነጥብ መስመሩ መንደርን ከእርሻው፣ የኢሮብን ሕዝብ ከወገኑ ይለያል የሚል ነበር። ስጋቱ እውነተኛ ነው። የኮሚሽኑም መልስ ከሕጉ አንጻር ትክክል ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ በስተቀር መስመሩን የማጠፍ ሥልጣን አልነበረውም። ያን ሥልጣን ሊሰጡት ይችሉ የነበሩት አልጀርስ ላይ ሲፈርሙ ነበር፤ አላደረጉትም። ዳኛው ርትዕን እንዳያይ ከልክሎ፣ በኋላ ርትዕ ጎደለ ብሎ መክሰስ ከባድ ነው።

ከዚያ ወዲያ የመስክ ሥራው ተቋረጠ። ኮሚሽኑ በኅዳር 1999 ዓ.ም. የነጥቦቹን ኮኦርዲኔት (የኬክሮስና የኬንትሮስ ልክ) ዝርዝር አውጥቶ፣ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ድንበሩ በዚያ እንደተካለለ ይቆጠራል ብሎ ሥራውን ዘጋ፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪም በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተሰናበተ። ኮኦርዲኔት ለቀያሽ መሐንዲስ ይበቃል። በሬ ይዞ ለሚያርስ ገበሬ ግን ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚታይ የኮንክሪት ምሰሶ፣ ፈንጂ የተጠረገ መንገድና አረጋውያን ምሰሶው የቆመበትን እያዩ የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ካልኖረ ወሰን አይሆንለትም። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ብይኑን ሙሉ በሙሉ ተቀበልኩ ስትል፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና ቡሬ ላይ ኬላ ሲከፈት ሕዝቡ ተቃቀፈ። ምሰሶ ተካይ ግን አልመጣም፤ ዛላምበሳም ወራት ሳይቆይ ተዘጋ።

ባካሲን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ያን ልሳነ ምድር ለካሜሩን ሲወስን ናይጄሪያም መጀመሪያ አጉረምርማለች። ሆኖም በወሩ የተባበሩት መንግሥታት የሚመራው የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በሰኔ 2006 በግሪንትሪ በተፈረመው ስምምነት የናይጄሪያ ጦር በ60 ቀን፣ ቢራዘም ተጨማሪ በ30 ቀን እንዲወጣ ተወሰነ። ካሜሩን ነዋሪዎቹን እንዳታፈናቅል፣ ዜግነታቸውን እንዲለውጡ እንዳታስገድድ፣ እርሻና ዓሣ ማስገራቸውን እንዳትከለክል ግዴታ ገባች፤ ርክክቡ በነሐሴ 2008 ቢጠናቀቅም የሽግግሩ ልዩ አገዛዝ እስከ ነሐሴ 2013 ቆየ። ባካሲ ላይ አሁንም ቅሬታ አለ፤ ከርክክቡ ወዲህ ግን ሁለቱ አገሮች ጦር አልተማዘዙም። እነሱም የኛን የመሰለ የቅኝ ግዛት ውል ነበራቸው።

ከሱዳን ጋር በምንወሰንበት አል ፋሽቃ ላይም ተመሳሳይ በሽታ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1902 ውል ተፈረመ፤ በ1903 እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን ኢትዮጵያዊ ወኪል ሳይኖር ለብቻው አሰመረ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ሰሞኑን ስለ ወደብና ስለ ድንበር የሚጽፉ ወገኖች ካርታ ከመሣላቸው በፊት የሥራውን ቅደም ተከተል ቢያነሡ ይበጃል። በወሰኑ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቀበሌ የእርሻ፣ የግጦሽና የውኃ ይዞታ በሁለቱ መንግሥታት የጋራ ቡድን ይመዝገብ። መስመሩን ተሻግሮ የሚያርስ ሰው መብት፣ ልክ እንደ ግሪንትሪ፣ በጽሑፍ ይረጋገጥ። መንደር የሚሰነጠቅበት ቦታ ሲገኝ መሬት በመሬት የመለዋወጥ ሥልጣን ለመስክ ቡድኑ አስቀድሞ ይሰጠው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ምሰሶው የሚተከለው። ከዛላምበሳ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ከተማዋ የማን እንደሆነች ብይኑ በግልጽ ስላስቀመጠ የሚቀረው የዳርቻዋ ልክ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር