ዲያቆን ሚካኤልን ለምን ዘለላችሁት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከዚራ ተወልጄ እዚያው አረጀሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ስለ አውሮፓ የሃይማኖት ተሐድሶ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማርቲን ሉተር የሚባል ጀርመናዊ መነኩሴ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወረቀት ቸነከረ፣ በማግስቱ ክርስትና ተሰነጠቀ ይላል። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሁለት ወጣቶች ይህንኑ ጽሑፍ ይዘው ተጣሉ። አንዱ ሉተር ነፃ አወጣን ይላል፣ ሌላው አፈረሰን ይላል። ሟቹ ተረሳ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ዓመቶቹን እንደናንተው በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከሙያዬ ልጀምር። በጀርመኗ ማይንዝ ከተማ ማተሚያ በተፈጠረ ሰሞን፣ በ1454 እና በ1455፣ ከታተሙት ቀደምት ነገሮች አንዱ የሮም ቤተ ክርስቲያን በገንዘብ የምትሰጠው የኃጢአት ስርየት ወረቀት ነው። ጽሑፉ ያው ነው፣ የገዢው ስምና ቀኑ ብቻ ክፍት ቦታ ተትቶላቸዋል። እኔም የነጋዴ ደረሰኝ ስለቅም እንዲሁ ነበር የማደርገው። «ከአቶ/ወ/ሮ» ብዬ ነጥብ ነጥብ እደረድራለሁ፣ ስሙን ባለሱቁ በእጁ ይሞላዋል። ስርየት በደረሰኝ! ይህን ሳውቅ ጣቶቼ ናቸው የደነገጡት።

ከ60 ዓመት በኋላ ቴጸል የሚባል ሰባኪ ያንን ወረቀት ጀርመን አገር እየዞረ ሲሸጥ፣ ገንዘቡ ለሁለት ይከፈል ነበር። ግማሹ ለሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ግንባታ፣ ግማሹ ደግሞ የማይንዙ ሊቀ ጳጳስ ከፉገር ባንክ የተበደሩትን ዕዳ ለመክፈል። ሉተር በ1517 ይህን ሽያጭ የሚቃወሙትን 95 ነጥቦች የጻፈው በላቲን፣ ለሊቃውንት ክርክር ነው። ክረምታቸው ሳይወጣ ኑረምበርግ፣ ላይፕሲግና ባዝል ላይ ታተሙ። ስርየቱን ያባዛው ማሽን ተቃውሞውንም አባዛው። በ1522 መስከረም አዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ አወጣ፣ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ታተመ። በሦስት ወር ሁለተኛ እትም! በእጅ ፊደል የለቀመ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ያውቃል።

መዘዙንም እናንሣ። ሉተር በ1524 ከተሞች ለወንዱም ለሴቱም ልጅ ትምህርት ቤት ይክፈቱ ብሎ ጻፈ፣ ይህ መልካም ነው። በዚያው ዓመት ገበሬዎች መብታችን ይከበር ብለው ሲነሡ ግን ከመሳፍንቱ ጎን ቆመ፣ ብዙ ሺህ ገበሬ አለቀ። በ1555 አውግስቡርግ ላይ ስምምነት ተደረገ ሲባል፣ የሕዝቡን ሃይማኖት የሚወስነው የአገሩ ገዢ ሆነ። ድሃውን ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ ከ1618 እስከ 1648 የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ነው።

እኔን የሚያመኝ ግን የጀርመኗ ማርቡርግ ከተማ ነገር ነው። በ1529 ሉተርና የስዊዘርላንዱ ተሐድሶ መሪ፣ የዙሪኩ ዝዊንግሊ እዚያ ተገናኙ። ሁለቱም ከሮም የተለዩ ናቸው። ከ15 ነጥብ በ14ቱ ተስማሙ። የቀረው የቁርባኑ ነገር ነው። ሉተር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጻፈና ከዚያ ንቅንቅ አልልም አለ። ዝዊንግሊ ባንስማማም ወንድማማች እንባባል ብሎ ለመነ። ሉተር እምቢ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዝዊንግሊ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ።

ይህንን ታሪክ ቀደም ሲል በአንድ መጽሐፍ ሳነብ መጽሐፉን አጠፍኩት። ልጄ ጴንጤ ከሆነ ስምንት ዓመቱ ነው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት እናቱ ጠበል ጸዲቅ አቀረበች፣ እሱ ዳቦውን ሳይቀምስ ተነሣ። እንግዳ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም» አልኩት። ቤቱ ሳቢያን ነው፣ በባጃጅ ቅርብ ነው። ሁለት ዓመት አልሄድኩም። የልጅ ልጄ ስትወለድ ከሰው ነው የሰማሁት።

እና ጽሑፋችሁ የዘለለውን ልንገራችሁ። በ1534 ሚካኤል የሚባል የኛው ሰው፣ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን፣ የሉተር ከተማ ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነትና ስለ ቅዳሴ ሥርዓት ተነጋግሯል። ከማርቡርግ አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሥርዓታችን ከነሱ እንደሚለይ ሉተር አይቷል። ሆኖም የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም ብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠው። ያው ሉተር ነው! ለጎረቤቱ የነፈገውን ከሩቅ አገር ለመጣ ዲያቆን ሰጠ።

ይህን ባነበብኩ ማግስት ባጃጅ ይዤ ሳቢያን ሄድኩ። ምን እንደተባባልን እዚህ አልጽፍም። ባለፈው ኅዳር ልጄ ከነሚስቱ ከነልጁ መጣ። ዳቦውን አሁንም አልበላም። ቡናውን ግን ከአቦል እስከ በረካ ጠጣ፣ ትንሿ ልጅ ጭኔ ላይ ተኛች።

የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣ በሚቀጥለው እትም ስለ ዲያቆን ሚካኤል ግማሽ ገጽ አውጡልን። ሁለቱ ወጣቶች የሰፈሬ ልጆች ናቸው፣ ጋዜጣውን ገዝቼ የምሰጣቸው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ፊደል ለቃሚ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ